ቀልብህን ሰብስብ

በአማርኛችን ቀልብ ይሰበሰባል፣ ይበተናል፣ ይሳባል፣ ይሰረቃል፣ ይገፈፋል። ደስ ያሰኘን ነገር ቀልባችንን ይስበዋል፤ ያስደነገጠን ይገፈዋል፤ ያልጣመንን ደግሞ «ቀልቤ አልወደደውም» ብለን እንተወዋለን። ቃሉ በዐረብኛ ልብ ማለት ነው። ወደ እኛ ከገባ በኋላ ግን በደረት ውስጥ የሚመታውን ለሌላው ቃል ትቶ፣ ሰው ነገርን የሚይዝበት የውስጥ እጅ ሆኗል። ስለዚህም ነው ቀልብ እንደ መንጋ የሚበተነው፤ ስለዚህም ነው ባለቤቱ ወጥቶ እንዲሰበስበው የሚታዘዘው።

በሕይወቴ ከሰማኋቸው ትእዛዞች ሁሉ የበዛው «ቀልብህን ሰብስብ!» የሚለው ነው። የኔታ በአለንጋቸው ጫፍ እየጠቆሙ ብለውኛል። እናቴ ወጥ እያማሰለች ብላኛለች። የትምህርት ቤት መምህራን፣ በኋላም የባንክ አለቆቼ በየአነጋገራቸው ብለውኛል። እኔም ሌሊት ሌሊት ለራሴ ብያለሁ። በሠላሳ አራት ዓመቴ ግን እናቴ የሚሆኑ አንዲት ሐኪም ያ አልሰበሰብ ያለኝ ቀልብ በሕክምናው ዓለም ስም እንዳለው ነገሩኝ። ስሙ በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የትኩረት መበተንና ያለመርጋት ችግር ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም።

ከዚያ ቀን በፊት ሌሎች ስሞች ነበሩኝ። በቤት ዓይነ ጥላ ያለበት፣ በትምህርት ቤት ሰነፍ፣ በሥራ ዝንጉ፣ በሐኪም ቤት ደግሞ የድብርት ሕመምተኛ ተብያለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ያገኘሁትን ትርፍ ጊዜ ሁሉ ያዋልሁት እነዚህ ስሞች ከወዴት እንደ መጡ በመመርመር ነው። ውድ አንባቢ ሆይ፣ የሚከተለው የዚያ ምርመራ ፍሬ ነው። የበሽታ ታሪክ ከመሆን ይልቅ ወደ ስም ታሪክ ያደላል፤ ሰው ከሕመሙ ይልቅ በተሰጠው ስም የሚጎዳበት ጊዜ እንዳለ ተምሬበታለሁና።

* * *

ያደግሁት አዘዞ ነው። አዘዞ ከጎንደር በስተደቡብ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ አጠገብ ያለች ስትሆን ዛሬ የከተማዪቱ አካል ናት። መንገደኛ ከአውሮፕላን ወርዶ ወደ ፋሲል ግንብ ሲጣደፍ ግራ ቀኝ ሳያይ የሚያልፋት ስፍራ ብትሆንም፣ ከፋሲል ግንብ የሚቀድም ታሪክ አላት። ዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥትና ገነተ ኢየሱስ የተባለ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እዚህ ነው። በካቶሊክ ሃይማኖት ምክንያት አገር ከታመሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ትተው በዚያው ዓመት ሲያርፉም የተቀበሩት በዚሁ በገነተ ኢየሱስ ነው። ከእርሳቸው በኋላ ስፍራው በጻድቁ ስም መጠራት ጀመረ፤ እኛም ልጆች ሆነን የምናውቀው አዘዞ ተክለ ሃይማኖት ብለን ነበር። ድንጋዩ ያው፣ ምድሩ ያው፤ ስሙ ግን ሌላ። ይህን ነገር ያኔ ልብ አላልሁትም። ልብ ያላልሁት ነገር ብዙ ነበር።

ፊደል የቆጠርሁት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ በወይራ ጥላ ነው። «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያልን በአንድ ድምፅ ስንጮኽ አፌ ከጓደኞቼ ጋር ነበር፤ ዓይኔ ግን በየኔታ ጋቢ ላይ የምትጓዘውን ጉንዳን ይከተል ነበር። የኔታ ፊደሉን በእንጨት ነክተው «ይህ ማነው?» ሲሉኝ ጉንዳኗ የት እንደ ደረሰች እንጂ ፊደሉ ማን እንደ ሆነ አላውቅም። በማግሥቱ ደግሞ ማንም ሳያዝዘኝ፣ ከማኅሌት የሰማሁትን ዜማ እንዳለ አወርደው ነበር። የኔታ በዚህ ግራ ተጋብተው ኖረዋል። አንድ ቀን እናቴን ጠርተው «ይህ ልጅ ልቡ ብርሃን ነው፤ ቀልቡ ግን ቤት የለውም» አሏት።

አያቴ እማሆይ ግን ከቶ ግራ አልተጋቡም። «ዓይነ ጥላ ነው» አሉ።

ዓይነ ጥላ ምን እንደ ሆነ ለጎንደር ሰው አይነገረውም። በሰው ላይ ጥላውን ጥሎ ዓይነ ልቡናውን የሚጋርድ፣ የተማረውን የሚያስረሳ፣ የጀመረውን የሚያስተው፣ ዕድሉን የሚዘጋ ክፉ መንፈስ እንደ ሆነ ይታመናል። በብራና ጥቅልል ላይ የሚጻፉ የክታብ ጸሎቶች ከሚገሥጿቸው መናፍስት አንዱ እርሱ ነው። ከነዚህ ጥቅልሎች ብዙዎቹ ዛሬ በለንደንና በፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬም እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ እነርሱ መጽሐፍ አሳትሟል። እንደ ደንቡ ብራናው ተሰፍቶ የሚረዝመው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። የእኔም በስምንት ዓመት ልጅ ቁመት ተለክቶ ተጻፈልኝ። ደብተራው በገመድ ሲለኩኝ ቀጥ ብለህ ቁም ማለታቸውን፣ እኔም መቆም ማቃቴን አስታውሳለሁ።

በዚያ ዘመን ከታላላቆቻችን ተማሪዎች አፍ የምንሰማው ሌላም መፍትሔ ነበር። ትምህርት አልገባ ያለው ተማሪ ልቡ እንዲከፈት አብሾ ይጠጣል ይባል ነበር። መጠኑን የሳተው ደግሞ ልቡ በመከፈት ፈንታ እንደሚነሣ ይወራል፤ «አብሾ አለበት» የሚለው አነጋገራችን ከዚያ ፍርሃት የተረፈ ነው። እማሆይ ይህን ሲሰሙ አማተቡ። ጠበል ይበቃዋል ብለው ከወፍ ጋር እየቀሰቀሱ ለሁለት ሱባዔ አስጠመቁኝ። የኅዳር ጠዋት የአዘዞ ውኃ ምን እንደሚመስል የተጠመቀበት ያውቀዋል። ከጠበሉ ስመለስ ለአንድ ሰዓት ያህል በእርግጥ ቀልቤ የተሰበሰበ ይመስለኝ ነበር፤ ከብርዱ የተነሣ ይሁን ከበረከቱ መለየት አልችልም።

* * *

ጎንደር የስውርን ነገር ስም የመጠየቅ የቆየ ልማድ አላት። እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በጎንደር ለወራት ሰፍሮ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ገጣሚው ሚሼል ሌሪስ ነው። ሌሪስ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት መልካም አየሁ ከተባሉ የባለ ዛሮች መሪ ቤት እየዋለ፣ አንዳንዴም እያመሸ ያየውን ጻፈ። የጉዞ ማስታወሻው እ.ኤ.አ. በ1934፣ በጎንደር ዛር ላይ ያደረገው ጥናት ደግሞ በ1958 ታተመ። በዚያው በ1958 ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ የባህል አጥኚም በጎንደር ያየውን የዛር ሥርዓት ከቡድን ሕክምና ጋር እያነጻጸረ ጽሑፍ አወጣ።

ከነዚህ ሥራዎች የምንረዳው የሥርዓቱ አካሄድ እንዲህ ነው። ሕመምተኛዋ ስትመጣ መጀመሪያ የሚፈለገው የዛሩ ስም ነው። ማን ነህ? ከየት መጣህ? ምን ትፈልጋለህ? ተብሎ ይጠየቃል። ስሙ ከታወቀ በኋላ እንደ ጸበሉ ሥርዓት ውጣ ተብሎ አይገሠጽም። ድርድር ይደረጋል፤ በየዓመቱ የሚሰጠው ይወሰንለታል፤ ሕመምተኛዋም እንደ እርሷ ካሉት ጋር ማኅበርተኛ ሆና ከነገሩ ጋር መኖርን ትማራለች።

እኔ የዛርን እምነት ልደግፍ አልተነሣሁም፤ ቤተ ክርስቲያንም አትፈቅደውም። ልብ ያልሁት ነገር ግን አለ። እማሆይ «ዓይነ ጥላ» ሲሉም ሆነ የባለ ዛሮቹ መሪ ስም ሲጠይቁ፣ ሁለቱም ጥፋቱን ከሰውየው ውጭ አድርገውታል። ጋራጁ ጥላው ነው፤ ልጁ የተጋረደበት ነው። ስሙ ስሕተት ነበር፤ ፍርዱ ግን ርኅራኄ ነበረበት።

አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስገባ የተሰጠኝ ስም ከዚህ የተለየ ነበር። «ሰነፍ» የሚባል ጋኔን የለም፤ ሰነፉ ራሱ ልጁ ነው። ደብተሬን ስረሳ፣ ጥያቄው ሳያልቅ ስመልስ፣ ፈተናውን ግማሽ ሠርቼ ጀርባውን ሳልገልጥ ስወጣ «ቢፈልግ ይችላል፤ አይፈልግም» ይባል ነበር። ይህ አነጋገር ምስጋና ይመስላል። ለእኔ ግን ከስድብ ሁሉ የከበደ ነበር፤ ከጥላ ያመልጣሉ፣ ከራስ ፈቃድ ግን ወዴት ይሸሻሉ?

* * *

እንዲህ ያለው ፍርድ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት የሌላውን ዓለም ታሪክ ሳነብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1798፣ ጎንደር ላይ መሳፍንቱ ነገሥታቱን እንደ ጠጠር እያነሡ በሚያስቀምጡበት ዘመን፣ አሌክሳንደር ክራይተን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ስለ አእምሮ መታወክ መጽሐፍ ጻፈ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ትኩረት አንድ ምዕራፍ አለ። አንድን ነገር አጽንተው መያዝ የማይችሉ፣ የውሻ ጩኸት ወይም የብርሃን መብዛትና ማነስ የሚበትናቸው ሰዎች እንዳሉ ይተርካል። ይህ ጠባይ ከሰው ጋር አብሮ ሊወለድ እንደሚችል፣ ከተወለደም በትምህርት ዕድሜ ቶሎ እንደሚታይ ገልጿል። ክራይተን ስለነዚህ ልጆች ሲጽፍ አይቈጣም። መምህራን ሊያውቁት የሚገባ ነገር አድርጎ ያቀርበዋል። መጽሐፉን ግን በዚህ ጉዳይ ለረጅም ዘመን ያስታወሰው አልነበረም።

በ1840ዎቹ የፍራንክፈርቱ ሐኪም ሃይንሪሽ ሆፍማን ለትንሽ ልጁ የገና ስጦታ የሚሆን መጽሐፍ ፈልጎ ቢያጣ፣ ራሱ ሥዕልና ግጥም አዘጋጀ። በኋላ ከተጨመሩት ባለ ታሪኮች አንዱ ፊሊፕ ነው። ፊሊፕ በማዕድ ዙሪያ አርፎ መቀመጥ አይችልም፤ አባት ይቈጣል፤ እናት ዝም ብላ ታያለች፤ ልጁ ወንበሩን ሲያወዛውዝ ወድቆ የገበታውን ልብስ ከነምግቡ ይዞት ይወርዳል። ግጥሙ ለሕፃናት መሳቂያ ነው። እኔ ግን በሠላሳ አራት ዓመቴ ሳነበው አልሳቅሁም። ያ ማዕድ የእኛ ቤት ነበር፤ ሌማቱ ብቻ ነው የጎደለው።

በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም በለንደን የሐኪሞች ኮሌጅ ባቀረባቸው ንግግሮች እንዲህ ያሉ ልጆችን ዘርዝሮ አሳየ። የማሰብ ችሎታቸው ደኅና ሆኖ ሳለ ራሳቸውን መግታት የማይችሉ፣ የሚቸኩሉ፣ የማይረጉ ልጆች ናቸው። ታሪክ ጸሐፊዎች የዘመናዊውን ሕክምና መነሻ ከእርሱ ይቈጥራሉ። ለነገሩ የሰጠው ስም ግን «የግብረ ገብ ቁጥጥር ጉድለት» የሚል ነበር። ስቲል ነገሩ ሥጋዊ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ተናግሯል፤ ስሙ ውስጥ የተቀመጠው ቃል ግን ግብረ ገብ ነው። ሰው ደግሞ ማብራሪያውን ትቶ ስሙን ያነሣል። የለንደኑ ሊቅና የእኔ የሦስተኛ ክፍል መምህር ሳይተዋወቁ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

በ1917 በቪየና ኮንስታንቲን ፎን ኢኮኖሞ አንጎልን የሚያቃጥልና የሚያስተኛ አዲስ ወረርሽኝ ገለጸ። ከወረርሽኙ የተረፉ ብዙ ሕፃናት የማይረጉና የማይገቱ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች የማይረጋ ልጅ ባዩ ቍጥር የአንጎል ጉዳት መፈለግ ጀመሩ፤ ጉዳት ባያገኙም «የማይታይ ጥቂት ጉዳት» አለበት አሉ። ሰነፍና ምግባረ ብልሹ የተባለው ልጅ አሁን ደግሞ አንጎሉ የተጎዳ ተባለ።

መድኃኒቱ የተገኘው ሳይፈለግ ነው። በ1937 አሜሪካ ውስጥ በሮድ አይላንድ ግዛት ቻርልስ ብራድሌ የተባለ ሐኪም፣ ከምርመራ በኋላ ራስ ምታት ለያዛቸው ሕፃናት ቤንዝድሪን የተባለ አነቃቂ መድኃኒት ሰጠ። ራስ ምታቱ ብዙ አልተሻላቸውም፤ ትምህርታቸው ግን ተቃና። ሕፃናቱ ራሳቸው «የሒሳብ ኪኒን» ብለው ስም አወጡለት። ይህን ሳነብ አብሾ ትዝ አለኝ። ልብ የሚከፍት ነገር ፍለጋ በአብነት ትምህርት ቤትም በአሜሪካ ሆስፒታልም ነበረ። ልዩነቱ ብራድሌ መጠኑን መዝኖ፣ ያየውን መዝግቦ፣ ሌላው እንዲፈትሸው ማሳተሙ ነው። በ1944 ደግሞ በስዊዘርላንድ ሌያንድሮ ፓኒዞን የተባለ ኬሚስት ሌላ መድኃኒት ሠራ፤ ሪታ ብሎ በሚጠራት ባለቤቱ በማርገሪት ስም ሪታሊን አለው። በ1954 ለገበያ ቀረበ።

ስሙ ግን ገና መንገድ ላይ ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በ1968 የሕፃናት ከልክ ያለፈ እንቅስቃሴ አለው። በ1980 መጀመሪያ የሚታየው እንቅስቃሴው ሳይሆን ትኩረቱ መሆኑን አምኖ ስሙን ለወጠ። በ1987 ሁለቱን አጣምሮ ዛሬ የሚታወቀውን ስም ሰጠ። የዓለም የጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ይህንኑ ስም የተቀበለው ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ዕትሙ ነው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ለረጅም ዘመን ይህ ችግር የልጅ ብቻ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1970ዎቹ በዩታ ዩኒቨርሲቲ እነ ፖል ዌንደር ያደጉ ሰዎችን ማጥናት ሲጀምሩ ጥቂቶች ብቻ አመኗቸው። የአሜሪካው መመሪያ ለዐዋቂ የሚሆን መለኪያ ለይቶ ያስቀመጠው በ2013 ነው። በዓለም የጤና ድርጅት ጥላ ሥር በ20 አገሮች የተደረገ ጥናት ከመቶ ዐዋቂዎች ወደ ሦስት የሚጠጉት ችግሩ እንዳለባቸው አሳይቷል። የመንታ ልጆች ጥናቶችም ነገሩ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ መሆኑን መስክረዋል። እንዲሁም ትኩረት የማጣት ጉዳይ አይደለም፤ ያለውን ትኩረት እንደ ፈለጉ የማዘዝ አለመቻል ነው። ጉንዳኗን እስከ የኔታ ትከሻ የተከተለ ልጅ ትኩረት አጣ ሊባል አይችልምና።

* * *

በአገራችንስ? የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የአገሪቱ ጭንቀት ወባ፣ ተስቦና የእናቶች ሞት ነበር፤ የጤና መኮንኖቹም የሠለጠኑት ለዚያ ነው። ለአእምሮ ሕመም ለብዙ ዐሠርት ዓመታት አገሪቱ የነበራት አንድ ሆስፒታል፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አማኑኤል ነው። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በዚያ መሠልጠን የጀመሩት በ1987፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም በ2003 ነው። ከዚያ በፊት የአእምሮ ሐኪም መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት።

እነዚህን ዓመታት የጠቀስሁት ለወቀሳ አይደለም። ጥቂት ሐኪም ያለው አገር ዓይኑን የሚጥለው ልብሱን ጥሎ በጎዳና በሚሄደው፣ በሰንሰለት ታስሮ በሚመጣው፣ ራሱን ሊያጠፋ በቃጣው ላይ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ደመወዝ ያለው፣ ከረባት ያሰረ፣ በእግሩ መጥቶ ተራውን ጠብቆ የገባ ሰው «ቀልቤ ይበተናል» ቢል ሐኪሙ የሚያየው ከፊቱ የተቀመጠውን ኀዘን ነው። ከኀዘኑ ጀርባ የስምንት ዓመት ልጅ መቆሙን ለመጠየቅ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ በውጭ የተሰለፈው ሕዝብ ነው።

እኔ የገባሁት እንዲህ ነበር። ዲግሪዬን ከጓደኞቼ ሁለት ዓመት ዘግይቼ ካገኘሁ በኋላ በአንድ ባንክ ገንዘብ ከፋይ ሆንሁ። አንድ ዐርብ ከሰዓት በኋላ 12,000 ብር ለሚገባው ደንበኛ 21,000 ቈጥሬ ሰጠሁ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 9,000 ብር ጎደለ፤ ደንበኛውም አልተመለሰም። ጉድለቱ ከደመወዜ በየወሩ ተቈረጠ። በሁለተኛው ዓመት ሌላ ጉድለት መጣ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ፤ ምግብ ዘጋኝ፤ ሰው መቅረብ ፈራሁ። ግጥም የምጽፍበት ደብተር እንኳ ከመሳቢያ ሳይወጣ ከረመ። ወደ አንድ ሐኪም ቤት ሄድሁ፤ ድብርት ነው ተባልሁ። ኪኒኑን አራት ዓመት ዋጥሁ። ዋሽቼ አላማም፤ ኀዘኑን አቅልሎልኛል። ስሕተቱ ግን አልቀነሰም። ሳይሻለኝ ሲቀር ኪኒኑ ተጨመረ፤ ከዚያ ጭንቀትም አለበት ተባለ። እኔም ከራሴ ጋር የነበረኝን ክርክር ዘጋሁ፤ ሰነፍ ነኝ፣ አሁን ደግሞ ሕመምተኛ ሰነፍ ነኝ አልሁ።

የባንክ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ሒሳብ አልዘጋ ሲል ልዩነቱን ለዘጠኝ እናካፍለዋለን። ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የሁለት አሃዞች ቦታ መለዋወጥ ነው፤ እንደ 12ና 21። ጉድለቱ ራሱ የስሕተቱን ዓይነት ይነግረናል፤ ስለዚህ ሰውየውን ሌባ ከማለታችን በፊት ቍጥሩን እንጠይቃለን። ለሰው ሕይወት ግን ይህን ያህል ትዕግሥት የለንም። ጉድለቱን እንዳየን ስም እናወጣለን። ስም ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚጠይቅ የለም። የተሳሳተ ስም ክፋቱ መሳሳቱ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄውን መዝጋቱ ነው።

ጥያቄውን እንደገና የከፈቱት በሌላ ከተማ ያገኘኋቸው እኒያ ሐኪም ናቸው። የአራት ዓመቱን ወረቀት አገላብጠው ወደ ጎን አደረጉትና «ልጅ ሳለህ ምን ይሉህ ነበር?» አሉኝ። ማንም ሐኪም ጠይቆኝ አያውቅም። የኔታን፣ ጉንዳኗን፣ ጠበሉን፣ ግማሹን የተሠራ ፈተና ነገርኋቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ «የልጅነት የትምህርት ቤት ካርድህ ይገኝ ይሆን? እናትህስ አሉ?» አሉኝ።

እናቴ ከአዘዞ መጣች። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው ከሣጥኗ ሥር የኖረውን ሁሉ ነበር። የሦስተኛ ክፍል ካርዴ አለ፤ በግርጌው በመምህሩ እጅ «ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን ቀልቡ ከክፍል ውጭ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ከካርዱ ጋር ክታቤ አለ። ሐኪሟ ካርዱን አንብበው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም እናቴን እንደ እኩያቸው አክብረው አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቋት። በሌላ ቀጠሮ ስሙን ነገሩኝ። ነገሩ ተጠራርጎ እንደማይወጣ፣ ነገር ግን አብረው መኖርን የሚማሩት እንደ ሆነ አስረዱኝ። የጎንደር ልጅ ነኝና ይህ ዓይነቱ አነጋገር ለጆሮዬ እንግዳ አልሆነም።

ስሙ አልፈወሰኝም። ዛሬም ቍልፍ እረሳለሁ፤ ዛሬም ሰው ሲያወራኝ በመስኮት ያለፈች ወፍ ትወስደኛለች። ነገር ግን ገንዘብ ስቈጥር ድምፄን አውጥቼ ሁለት ጊዜ እቈጥራለሁ፤ በኪሴ ትንሽ ደብተር አለች፤ አለቃዬም ከገንዘብ መስኮቱ አንሥተው ወደ ሌላ ሥራ አዛውረውኛል። ሕክምናዬ እንደ አዲስ ተስተካክሏል። ከሁሉ በላይ ግን ከራሴ ጋር የነበረኝ ጠብ በርዷል። ሠላሳ ዓመት የፈቃድ ጉድለት ነው ያልሁት ነገር የፈቃድ አልነበረም።

ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ እናቴ በመንገድ ላይ ቆመች። ክታቡን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ዘረጋችው፤ ከደረቴ በታች ቀረ። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ ነኝ ያላወቅሁልህ፣ ልጄ። በዚያ ብርድ አስጠመቅሁህ» አለች።

ብራናውን ጠቅልዬ መለስሁላትና «አንቺማ ጥላ አለበት አልሽ እንጂ ሰነፍ ነው አላልሽም» አልኋት።